የአባ ዳዶ ግራ

አባ ዳዶ በሚወደው ነገር ላይ እንዳለ ሞተ እያሉ ለቀስተኞች ይጽናናሉ። ሐሰት ነው። ሲሞት እሱ ሞተሩ ላይ አልነበረም፤ ሞተሩ ነው እሱ ላይ የነበረው።

ያገኙት ጠዋት፣ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ የድንጋይ ካባውን ከቦ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማያንስ ጥቁር ሞተር ሳይክል ደረቱ ላይ ተጋድሟል። የፊት ጎማው እንደተቀጨ አንገት ወደ ጎን ዞሯል። ሽማግሌው በጋራዥ ልብሱ አልነበረም፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ጫማውን አሳምሮ ጠርጎ ነው የወጣው። ያንን ክራባት ማንም ልብ ብሎ አላየውም። ሰው ሞቶ ሲገኝ ዓይን የሚሄደው ወደ ደሙ ነው።

አባ ዳዶ የተባለው በሥራው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ዳዶ በጣቱ ከዳሰሰ በስንት ቁጥር ቁልፍ እንደሚፈታ ይናገር ነበር። ዕድሜ ልኩን አሮጌ ሞተር ሳይክሎችን ከሞት ሲያስነሳ ኖሮ በመጨረሻ አንዱ ገደለው ይላል ሰፈርተኛው፣ አባባሉ ስለጣመው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አፍ ከማጣፈጥ የማያልፍ ወሬ ነው።

መርማሪዋ የተጠራችው ከቀብሩ ማግሥት ነው። ሽበት ቀድሞ የጎበኛት፣ አነጋገሯ ቁርጥ ያለ ሴት ናት። ሲዋሿት አትቆጣም፤ «እስቲ ድገምልኝ» ትላለች እንጂ። በእሷ እጅ ብዙ ሰው የተያዘው ሲደግም ነው።

«ነገሩስ ያለቀለት ነው» አላት የትራፊክ ሳጅኑ ገና ከመግባቷ። «የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ማን ጨረሰው?»

«የሟቹ ልጅ ራሷ። በያጅ ናት፤ በአባቷ ጋራዥ ውስጥ ነው የምትሠራው። የሞተሩን የፊት እግሮች የሚያያይዘው ብረት ተሰንጥቆ እሷ በይዳው ነበር። ‹ግራው ነው የተሰበረው› ስላት፣ ‹ግራውን የበየድኩት እኔ ነኝ፤ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ› ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ማንም ሳያስገድዳት በገዛ እግሯ መጥታ ነው እጇን የሰጠችው።»

«ብረቱን አሳየሃት?»

«እንደዚያ እያለቀሰች ምን ያደርግላታል?»

«መበየዱንስ መጀመሪያ ማን ነገረህ?»

«ባሏ። አደጋው ቦታ ድረስ አብሮኝ መጥቶ ነበር። የተሰበረውን ሳሳየው፣ ‹ውይ፣ ግራውን ሚስቴ በይዳው ነበር፤ ለቆ ነው› ብሎ ራሱን ያዘ። አሳዘነኝ።»

«አንተስ ብረቱን በደንብ አየኸው?»

ሳጅኑ ጆሮውን አከከ። «ጭቃ በጭቃ ነው። የእምነት ቃል እያለ ማን ብረት ያጥባል?»

«እኔ» አለች መርማሪዋ።

መጀመሪያ ግን ልጅቱን ማየት ፈለገች። በያጇ በማቆያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ክንዶቿ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የተዋቸው ትናንሽ ጠባሳዎች አሉ። ዓይኗ አብጧል።

«በቸልተኝነት ሰው መግደል እንደሚያሳስር ታውቂያለሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«እስሩን ይተዉት» አለች። «እስር ያልቃል። አባቴን በገዛ እጄ ገድዬው ከሆነ ግን ያ አያልቅም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። የለቀቀው ብየዳዬ ነው?»

«ገና ብረቱን አላጠብኩትም። ስትበይጂው እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር። ጥሩ መስሎኝ ነበር። አባባ በጥፍሩ ፍቆ ፍቆ አየውና፣ ‹ይሄ እኔን ይቀብራል› አለኝ።» ክንዷን አሻሸች። «ማመስገኑ ነበር እኮ።»

 መርማሪዋ ለማጽናናት የምትሰጠው ገና በእጇ የለም።

«እጅሽን እንድትሰጪ ማን መከረሽ?»

«ባለቤቴ። ሌሊቱን አቅፎኝ አደረ። ‹የእጅ ስህተት ነው፤ ሄደሽ ተናገሪና ይቅለልሽ› አለኝ። እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር!»

«አባትሽ ክራባት አስሮ ወዴት ይሄድ ነበር?»

ልጅቱ ቀና አለች። «ክራባት? አባባ ክራባት የሚያስረው ለቅሶ ሲደርስ ብቻ ነው።»

«የማን ለቅሶ?»

«እኔ የሰማሁት የለም።»

ሞተሩ በጣቢያው ግቢ ጥግ ሸራ ተጥሎበት ቆሟል። መርማሪዋ አንድ ጣሳ ቤንዚን፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ቢላ አስመጣችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ከፊት ጎማው ግራና ቀኝ ሁለት እግሮች ይወርዳሉ። ከጎማው በላይ፣ ጭቃ በሚከላከለው ፓራፋንጎ ሥር፣ ሁለቱን እግሮች የሚያያይዝ ከስንዝር ብዙ የማይረዝም ብረት አለ። ባለሙያዎቹ ድልድይ ይሉታል። ይህ ድልድይ ከነጂው በስተግራ ባለው ጫፉ፣ ቡሎኑ አጠገብ ለሁለት ተከፍሏል።

ጭቃው ሲለቅ የስብራቱ ፊት ታየ። ከላይ ያለው ጥቂቱ እንደ ስኳር ሻካራ ነው። ከሥር ያለው ብዙው ግን ለጥ ያለ ነው፤ ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈውበታል። ጠርዙ ላይ ከጥፍር የሚያንስ ግራጫ ነገር ተለጥፏል፣ በላዩም ጥቁር ቀለም አለ። በቢላው ጫፍ ነካ አደረገችው። ከዚያ ወደ ደህናው ጫፍ ዞራ ቀለሙን ትፍቅ ጀመር። ቀስ እያለች ብዙ ፋቀች። ሳጅኑ አዛጋ።

«እህ፣ ምን አገኙ?»

«ግራ ገባኝ» አለችው። ፊቷ ግን ግራ የገባው ሰው ፊት አይመስልም ነበር።

ጋራዡ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በዘይት የጠቆረ ረጅም ቤት ነው፤ የአባ ዳዶ ጥቁር ሞተር የሚያድረውም እዚሁ ነበር። ከሟቹ ሌላ የበሩ ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ልጁ በያጇ፣ ባሏ፣ መካኒኩና ቀለም ቀቢው። መካኒኩ ከአባ ዳዶ ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ነው። ጥርሱ ፍንጭት ስለሆነ ፍንጭቱ ይሉታል። ሰሞኑን ባለመሳቁ የስሙ ምክንያት አይታይም።

«ድልድዩን መልሰው ያሰሩት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ። እሷ በየደች፣ ቀቢው ቀባ፣ እኔ አሰርኩ። በሞረድ ተስተካክሎ ቀለም ከለበሰ በኋላ፣ እንኳን ሌላ ሰው እኔም ብየዳውን በዓይኔ አልለየውም። ያቺ ልጅ እንዲህ ናት።»

«ለመሆኑ ይህን የምታክል ብረት ብትሰበር ሰው ይሞታል?»

«እህቴ፣ በእንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር የፊት ፍሬኑ የሚታገለው ከአንዱ እግር ጋር ብቻ ነው። ፍሬን ስትይዢ ያ እግር ይጠመዘዛል። ድልድዩ ነው ሌላውን እግር ጎትቶ ‹አግዘው እንጂ› የሚለው። ድልድዩ ከሄደ ሁለቱ እግሮች እንደተጣሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ጎማው መሃላቸው ይታጠፋል። ሜዳ ላይ ትተርፊ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ፣ መታጠፊያ ላይ ከሆነ ግን...» ቀሪውን በእጁ አሳየ። «ነይ ላሳይሽ። የዚህን ሞተር ግራ እግር ያዢው።»

መርማሪዋ አጠገባቸው ከነበረው ሞተር መቀመጫ ጎን ቆማ ስለነበር ከነጂው በስተግራ ያለውን እግር ያዘች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የፍንጭቱ ጥርስ ታየ።

«ያ የሰው ሁሉ ግራ ነው። የኛ ግራ ያኛው ነው። አባ ዳዶ ሞተር የሚያክመው ፊት ለፊት ቆሞ ነው። ‹ሐኪም በሽተኛው ጀርባ ላይ ተፈናጥጦ አይመረምርም› ይል ነበር። ለእሱ በግራው በኩል ያለው ግራ ነው፤ አበቃ። እዚህ ቤት እጁን ዘይት ያስነካ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያወራው። አዲስ ሰው መጀመሪያ የማይፈታውን ይፈታል፣ ይሰደባል፣ ከዚያ ይለምደዋል።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገመላት። አንድም ቃል አልተለወጠም።

«ከሟቹ ጋር ተኮራርፋችሁ ነበር አሉ።»

የፍንጭቱ ፊት ዳመነ። «በመምህሩ ነገር ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት መምህር ሞተሩን እኛ ጋ አሠርቶ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ያው ቁልቁለት ላይ ተፈነገለና ሞተ። ሰክሮ ነው ተባለ፣ ተረሳ። ሰሞኑን ግን አባ ዳዶ ተነስቶ ‹ያኔ ያሰርንለት ድልድይ ጠብቦት ነበር፤ እግሮቹን አንቆ ይዟቸው ነበር› እያለ ይነዘንዘኝ ጀመር። ያሰርኩት እኔ ነኛ! ጥፋት ቢኖር ሲሞከር ይታወቅ ነበር፣ ተሞክሮ ነው የወጣው አልኩት። ተቆጣሁት። ሳንታረቅ ሞተ።»

«የሞከረው ማነው?»

«ማን ይሞክራል? ጋላቢው ነዋ፣ የልጅቱ ባል። የኛን ሞተሮች እየነዳ የሚሞክረው እሱ ነው። ‹እንደ ቅቤ ነው› ብሎ ነው የመለሰው።»

ቀለም ቀቢው ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ብሩሽ ያጥባል። ቃል ከአፉ በወረንጦ የሚወጣ ዓይነት ሰው ነው።

«ስለ አደጋው የምታውቀው አለ?»

«የለም።»

«ከዚያ በፊት በነበረው ቀንስ ያስገረመህ ነገር?»

ቀቢው ብሩሹን አራገፈ። «ስቱኮዬን ሰው ከፍቶ ትቶታል።»

«ስቱኮ?»

«ብረት ላይ ቀዳዳ የምደፍንበት ግራጫ ልጥፍ ነው። ማታ ጥብቅ አድርጌ ከድኜው ነበር የሄድኩት። አባ ዳዶ በሞተ ዕለት ጠዋት ስገባ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ደርቆ ጠበቀኝ። የሙያው ሰው እንዲህ አይሠራም።» ብሩሹን በጨርቅ ጠቀለለ። «አባ ዳዶ አንድ ነገርም ጠይቆኝ ነበር። ‹የመምህሩ ሞተር በተሞከረበት ቀን ካንዴላው የት ነበር?› አለኝ። ‹እርስዎ ኪስ ውስጥ ነዋ፤ ፈትተው ሊያጸዱት ይዘውት፣ ሰውየው ሊወስድ ሲመጣ ነው የመለሱት› አልኩት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ምሳውንም አልበላ።»

ጋላቢው ከጋራዡ በራፍ ላይ ያገኛትን ሞተር ተፈናጥጦ፣ እግሩን መሬት አስነክቶ ጠበቃት። መልከ መልካም ነው። የቆዳ ጃኬትና የቆዳ ጓንት አድርጓል። ለቅሶ ቤትም በጓንቱ እንደሰነበተ ጎረቤቶች ታዝበውታል፤ ሰው ግን ኀዘን ላይ ስላለ ሰው ብዙ አያወራም።

«እግዜር ያጽናህ» አለችው።

«ያጽናን። እኔስ የሷ ነው ያሳሰበኝ። ይፈርዱባታል?»

«እንጃ። አንተም እዚህ ትሠራለህ?»

«እኔ የመፍቻ ቁልፍ አልይዝም። የኔ ሥራ መቀመጥ ነው፤ መፍታትና ማሰር የነሱ ነው። ሽማግሌውም ወደ ሥራ ጠረጴዛው ጠርቶኝ አያውቅም።»

«ባለቤትህ ጥሩ በያጅ ናት?»

«እጇ ወርቅ ነው። ግን ያው ሰው ናት፤ ትሳሳታለች።»

«የትኛው ጋ እንደበየደችው ታውቃለህ?»

«እንዴት አላውቅም! እራት እየበላን ‹የአባባን ድልድይ ግራውን በየድኩት› አለችኝ።» ከተፈናጠጠበት ጎንበስ ብሎ በጓንቱ ጣት በስተግራው ያለውን እግር መታ መታ አደረገ። «እዚህ ጋ።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

«ግራው ጋ፣ እዚህ» አለ፤ ደግሞም ነካው።

መርማሪዋ ከዚያ በእግሯ ቁልቁለቱን ወረደች። ከካባው መታጠፊያ በታች መንገዱ የሚያደርሰው ወደ ጥቂት ቤቶች ብቻ ነው። ሁለት በር አንኳኩታ የመምህሩን እናት አገኘች። ሴትየዋ ገና ጥቁር እንደለበሰች ናት።

«አባ ዳዶን ያውቁታል?»

«ልጄ ሞተሩን የሚያሠራበት ሰው ነው። ‹ነገ ጠዋት እመጣለሁ፤ ስለ ልጅሽ የምነግርሽ አለኝ› ብሎ ሰው ላከብኝ። ወንበሬን ወልውዬ ጠበቅኩት። ቀረ። ኋላ መሞቱን ሰማሁ።»

«ምን ሊነግርዎት ይመስልዎታል?»

«ልጄ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም» አለች እናትየው። የተጠየቀችው ያንን እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ግን ለማንም የምትለው ይህንኑ ነበር።

በማግሥቱ ሳጅኑ ጥቁሩን ሞተር በፒክአፕ ጭኖ ጋራዡ ውስጥ አወረደው። በያጇንም አመጣት። ባሏ ሮጦ ሊያቅፋት ሲል መርማሪዋ እጇን ዘርግታ በመካከላቸው ቆመች። ፍንጭቱ ብረት በሚታሰርበት ሞርሳ ላይ ተደገፈ። ቀቢው ከግድግዳው ተጣበቀ።

«ሁላችሁም ይህ ሰው በአደጋ ሞተ ብላችኋል» አለች መርማሪዋ። «አደጋ አይደለም። ጋሼ፣ እርስዎ ብረት ያውቃሉ፤ ይህን ስብራት ይዩልኝ።»

ፍንጭቱ መነጽሩን አድርጎ ጎነበሰ። ቀና ሲል መነጽሩን አወለቀ። «ተመግዟል» አለ። «ከሥር ጀምሮ ተመግዟል። ከላይ ጥቂት ነው ያስቀሩለት።»

«ተመግዞ በስቱኮ ተደፍኗል፣ ቀለምም ተቀብቷል። ከፓራፋንጎው ሥር ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ የመጋዝ እጀታ አይገባም። የመጋዙን ምላጭ ብቻ በእጁ ይዞ ነው የሠራው። አባ ዳዶ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ፍሬን ሲይዝ የቀረችው ጥቂቷ ተቆረጠች።»

ሁሉም ሳያስቡት ቀቢውን አዩት። 

«እሱን ተዉት» አለች። «የስቱኮ ጣሳ ከፍቶ ትቶ የሚሄድ ቀቢ አይቼ አላውቅም።» ወደ በያጇ ዞረች። «ነይ እስቲ። ብየዳሽን አሳይኝ።»

ልጅቱ ቀረበች። ከሞተሩ ፊት ለፊት ቆመች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የቆመችው እዚያ ነው። እጇ ሳታስበው በስተግራዋ ወዳለው እግር ሄደ። ድልድዩ እዚያ ደህና ነው። ቀለሙ ተፍቆ ብየዳው እንደ ተሰፋ ቁስል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። በጥፍሯ ነካችው።

«ይሄ የኔ ነው» አለች። «አልለቀቀም።»

«አልለቀቀም።»

«ሳጅኑ ግራው ነው የተሰበረው አሉኝ...»

«ሳጅኑ የነገረሽ በነጂው ግራ ነው። አንቺ የሰማሽው በአባትሽ ግራ ነው። ሁለታችሁም ግራ አላችሁ፤ ብረቱን ግን ማንም አላሳየሽም።»

ሳጅኑ አንገቱን ደፋ። ልጅቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንደ በፊቱ ለቅሶ አልነበረም፤ የተያዘ ትንፋሽ ነበር የወጣው። ፍንጭቱም ዓይኑን በዘይታም ጨርቅ ጠረገ።

«እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው» ስትል ቀጠለች መርማሪዋ። «ይህን ሞተር ማበላሸት የፈለገ ሰው ለምን ድልድዩን መረጠ? የፍሬን ገመድ መቁረጥ ይቀላል። የመረጠው ድልድዩ የተበየደ ስለሆነ ነው። ሲሰበር ሁሉም ‹ብየዳው ለቀቀ› እንዲል። ታዲያ መመገዝ የነበረበት ብየዳው አጠገብ ነው። እሱ ግን ማዶውን፣ ደህናውን መገዘ። ተሳስቶ ነው። ብየዳው ቀለም ስለለበሰ በዓይን አይለይም። የበየደችው ቦታውን ታውቃለች፤ እጇ ነበረበት። የቀባው ያውቃል፤ ብሩሹ ነበረበት። ያሰረው ያውቃል። ሦስቱ በእጃቸው ነው የሚያውቁት። የበሩ ቁልፍ ካላቸው ሰዎች አንዱ ግን በጆሮው ብቻ ነው የሚያውቀው። እራት ላይ ‹ግራው› ሲባል ሰማ። እሱ ደግሞ ሞተር የሚያውቀው ከመቀመጫው ላይ ነው።»

ፍንጭቱ ቀስ ብሎ ወደ ጋላቢው ዞረ።

«ይሄ ምን ማስረጃ ነው?» አለ ጋላቢው። ሊስቅ ሞከረ። «ግራና ቀኝ አምታታ ተብሎ ሰው ይከሰሳል?»

«ጓንትህን አውልቅ።»

«አደጋው ዕለት ሞተሩን ስጎትት ቆርጦኝ ነው...»

«ምንህን ነው የቆረጠህ? እኔ ገና ስለ ቁስል አላነሳሁም።»

ሳጅኑ ራሱን ቀና አደረገ። «ደግሞም ሞተሩን በእጅህ አልነካህም። እኔ ነኝ አትቅረብ ብዬ የከለከልኩህ።» የቀኝ እጁን ያዘና ጓንቱን አወለቀው። መዳፉ ላይ በመስመር የተቀደደ፣ ገና ያልሻረ ቁስል አለ። የምላጭ ጥርሶች የተዉት ነው።

«ለምን?» አለ ፍንጭቱ። «ምን በድሎህ?»

«እሱን እኔ ልንገርዎት» አለች መርማሪዋ። «የመምህሩ ሞተር ተሞክሮ ነበር የወጣው። ‹እንደ ቅቤ ነው› ተብሎ። በዚያን ቀን ግን ካንዴላው አባ ዳዶ ኪስ ውስጥ ነው የዋለው። እሳት የሚሰጠው ካንዴላው ነው፤ እሳት የሌለው ሞተር አይነሳም። ያልተነሳ ሞተር አይነዳም። ይህ ሰው ሳይነዳው ነው ነዳሁት ያለው። ነድቶት ቢሆን እጁ ላይ ይንቀጠቀጥበት ነበር፤ ድልድዩ ተፈትቶ ይስተካከል ነበር፤ ወጣቱም ዛሬ ክፍል ገብቶ ያስተምር ነበር። አባ ዳዶ ይህን የደረሰበት ዘግይቶ ነው። ክራባቱን አስሮ የወጣው ሳይደርስ የቀረውን ለቅሶ ሊደርስ፣ ለእናትየው እውነቱን ሊነግራት ነው።»

ጋላቢው እጁን ከሳጅኑ እጅ ለማውጣት አልታገለም። ጥቁሩን ሞተር ተደገፈ።

«‹አብረኸኝ ና› አለኝ» አለ። «‹እኔም አጥፍቻለሁ፣ አብረን ይቅርታ እንጠይቃት› አለኝ። እምቢ አልኩት። ብቻዬን እሄዳለሁ አለ። እንዲሞት አልፈለግኩም። እውነቴን ነው፣ እንዲሞት አይደለም። እግሩ ቢሰበር፣ ትንሽ ቢተኛ፣ ይተወዋል ብዬ ነው። እንዳይሄድ ብቻ ነበር።»

«እስቲ ድገምልኝ» አለች መርማሪዋ። አልደገመውም።

በያጇ ከመሬት ተነሳች። እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ከባሏ ፊት ስትቆም ድምጿ ሁሉም እስኪፈሩ ድረስ የረጋ ነበር።

«የኔን ብየዳ መርጠህ ነው?»

ባሏ ዓይኑን ሰበረ።

«ሌሊቱን ሙሉ አቅፈኸኝ ስታድር፣ ‹ተናገሪና ይቅለልሽ› ስትለኝ፣ አባቴን ገደልኩ ብዬ ጸጉሬን ስነጭ፣ ታውቅ ነበር። እኔ ላይ እንዲሆን መርጠህ ነው?»

«ሌላ የተበየደ ቦታ አልነበረውም» አለ ጋላቢው።

ሳጅኑ ይዞት ወጣ። ማንም ከኋላቸው አላየም። ፍንጭቱ ወንበር አምጥቶ አጠገቧ አኖረላት። መርማሪዋ በሥራዋ ብዙ ሰው ነጻ ስታወጣ ኖራለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ነጻ የወጣ ሰው ፊት ማየት ከብዷት አያውቅም።

በያጇ የዚያኑ ቀን ተለቀቀች። ፍንጭቱ ቤት ላድርስሽ ቢላት እምቢ አለች። ቤት የምትለው ከባሏ ጋር ያለውን ነበር። ፊቷን ታጥባ፣ የመምህሩ እናት የምትኖርበትን ከመርማሪዋ ጠየቀች። ቁልቁለቱን ወርዳ፣ አባቷ የወደቀበትን መታጠፊያ ሳትቆም አልፋ፣ በሩን አንኳኳች።

«እኔ የአባ ዳዶ ልጅ ነኝ» አለች ሴትየዋ ስትከፍት። «አባቴ ሊነግርዎት የነበረውን ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ልጅዎ አልሰከረም ነበር። ሞተሩን ያበላሸነው እኛ ነን። ሳይሞከር ተሞክሯል ተብሎ ነው የተሰጠው።»

እናትየው የበሩን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች። ለረጅም ጊዜ ስትለው የኖረችውን ከሰው አፍ መስማቷ ደስታ አልሆነላትም፤ ፊቷ ጭራሽ አረጀ።

«ማነው ተሞክሯል ያለው?»

«ባሌ ነው» አለች በያጇ።

እናትየው አየቻት። ከእግሯ እስከ ራሷ፣ የተቃጠሉት ክንዶቿ ሳይቀሩ፣ ሁሉንም አየች። ከዚያ በሩን ዘጋች። ወዲያው ከውስጥ ከፍ ያለ ልቅሶ ተሰማ።

በያጇ አልሄደችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።